2ጂ ወይም 3ጂ ሊዘጋ ነው ሲባል ስልካችሁን እንዴት ትፈትሻላችሁ?

«ስልኬ ላይ 4ጂ ይላል፤ ታዲያ 3ጂ ቢዘጋ እኔን ምን ይነካኛል?» ደጋግሞ የሚደርሰኝ ጥያቄ ይህ ነው። ከስልኩ አናት ላይ የምታዩት 4ጂ የሚለው ምልክት የሚነግራችሁ ስለ ኢንተርኔቱ ነው፣ ስለ ጥሪው አይደለም። ቁጥር መትታችሁ ስትደውሉ ስልኩ ምንም ሳይነግራችሁ ከ4ጂ በፊት ወደነበሩት የሞባይል ኔትወርክ ትውልዶች፣ ወደ 3ጂ ወይም ወደ 2ጂ፣ ወርዶ ጥሪውን በዚያ ሊያስተላልፍ ይችላል። አሮጌው ኔትወርክ በጠፋ ማግስት እንዲህ ያለው ስልክ ቪዲዮ ያጫውታል፣ መልእክት ይልካል፤ መደወል ግን አይችልም።

ምክንያቱ 4ጂ የተሠራው ዳታ ለማመላለስ ብቻ መሆኑ ነው። በ2ጂና በ3ጂ ድምፅ የራሱ መስመር አለው። በ4ጂ ግን ድምፁም እንደ ማንኛውም ዳታ ተቆራርጦ መሄድ አለበት፤ ይህን የሚያደርገው አሠራር ቮልቲኢ ይባላል። ስልኩ፣ ሲሙና የቴሌኮም ድርጅቱ ሦስቱም ለቮልቲኢ ካልተዘጋጁ ጥሪው የሚያልፈው በአሮጌው ኔትወርክ ነው። ከታች ያሉት ደረጃዎች በአብዛኛው ይህንን ለማረጋገጥ የተቀመጡ ናቸው።

የሚያስፈልጋችሁ

- የሚፈተሸው ስልክ፣ በደንብ ቻርጅ የተደረገ
- የምትደውሉለትና መልሶ የሚደውልላችሁ ሌላ ስልክ
- ዋይፋይ (ለአፕዴት ብቻ፤ በፈተናው ጊዜ ይጠፋል)
- የሲም ማውጫ መርፌ
- ወረቀትና እስክሪብቶ
- የቴሌኮም ድርጅታችሁ የደንበኞች አገልግሎት ቁጥር

ደረጃ 1፦ የሚዘጋው የትኛው ነው? መቼ?

«የድሮው ኔትወርክ ሊዘጋ ነው» የሚለው ወሬ ብቻውን አይጠቅማችሁም። 2ጂ ይሁን 3ጂ ለይታችሁ ጠይቁ፤ ውጤቱ በጣም ይለያያልና። ጀርመን ውስጥ ኦፕሬተሮቹ (የቴሌኮም ድርጅቶቹ) 3ጂን እ.ኤ.አ. በ2021 ሲዘጉ 2ጂን አቆይተዋል። ስለዚህ ቮልቲኢ የሌለው ስልክ የያዘ ሰው በ2ጂ መደወሉን ቀጠለ፤ የተጎዳው 4ጂ የሌለው ስልክ ይዞ ኢንተርኔት የሚጠቀመው ነው፣ ምክንያቱም የ2ጂ ዳታ እጅግ ዘገምተኛ ነው። አውስትራሊያ ግን 2ጂን ቀድማ ዘግታ ስለነበር፣ እ.ኤ.አ. በ2024 3ጂ ሲጠፋ ቮልቲኢ የሌለው ስልክ መውረጃ አጣ። አንድ ዓይነት ስልክ በአንደኛው አገር ሲሠራ በሌላው ለጥሪ የማይሆን ዕቃ ሆነ።

የቴሌኮም ድርጅቱን እነዚህን ሦስት ጥያቄዎች ጠይቁ፦ የሚዘጋው የትኛው ትውልድ ነው? በእኔ አካባቢ የሚዘጋው መቼ ነው? ሌላኛው አሮጌ ኔትወርክ እስከ መቼ ይቆያል? ሁለተኛው ጥያቄ የገባው መዝጋቱ ብዙ ጊዜ አካባቢ በአካባቢ ስለሚካሄድ ነው፤ ሌላ ከተማ ያለ ዘመዳችሁ «የኔ ይሠራል» ማለቱ ለእናንተ ማስረጃ አይሆንም። ወደ ሌላ አገር የምትጓዙ ከሆነም የምትሄዱበትን አገር ሁኔታ ጨምራችሁ አጣሩ።

ደረጃ 2፦ ሲም ያለበትን ዕቃ ሁሉ መዝግቡ

ይህን ከስልኩ በፊት አድርጉት። ስልክ በአንድ ቀን ይቀየራል፤ የሌባ አላርም፣ የአሳንሰር ውስጥ መደወያ ወይም መኪና ላይ የተገጠመ መሣሪያ ግን ባለሙያ መጥራት፣ ዕቃ ማዘዝና ተራ መጠበቅ ይጠይቃል።

ቤታችሁንና መሥሪያ ቤታችሁን ዞር ዞር ብላችሁ እዩ። የጂፒኤስ መከታተያ፣ የካርድ መክፈያ ማሽን፣ የልጆች የእጅ ሰዓት፣ አረጋውያን ሲወድቁ የሚጫኑት የእርዳታ ቁልፍ፣ በስልክ የሚከፈት የግቢ በር፣ የውኃ ፓምፕ መቆጣጠሪያ፣ ቆጣሪ፣ ኮምፒውተር ላይ የሚሰካ የድሮ የኢንተርኔት ዶንግል፣ ባለ ሲም ታብሌት። ከነዚህ ብዙዎቹ በ2ጂ ወይም በ3ጂ ብቻ የሚሠሩ ናቸው፣ ምክንያቱም የሚልኩት ዳታ ጥቂት ስለሆነ አምራቾቹ ርካሹን ሞደም (ከኔትወርኩ ጋር የሚያገናኘውን ክፍል) ይመርጡ ነበር። መኪናም አትርሱ። በአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ በአዳዲስ የመኪና ሞዴሎች ላይ ግዴታ የሆነው አደጋ ሲደርስ በራሱ የሚደውል ሥርዓት የተሠራው በ2ጂና በ3ጂ የድምፅ መስመር ላይ ነው። አሜሪካ ውስጥም እ.ኤ.አ. በ2022 3ጂ ሲዘጋ ብዙ መኪኖች ከርቀት የሚሰጣቸውን አገልግሎት አጥተዋል።

በእያንዳንዱ ዕቃ አጠገብ የሞዴሉን ስም ጻፉና አምራቹን ወይም የገጠመላችሁን ሰው «ሞደሙ 4ጂ ነው ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ።

ማስጠንቀቂያ፦ እንዲህ ያሉ ዕቃዎች ሲቋረጡ አይጮኹም። የአላርሙ መብራት በርቶ ይቆያል፤ ጥሪው ግን የትም አይደርስም። ሕይወት ወይም ንብረት የሚጠብቀውን ዕቃ ከዝርዝሩ አናት ላይ አድርጉት።

ደረጃ 3፦ ትክክለኛውን የሞዴል ቁጥር አግኙ

የንግድ ስሙ አይበቃም። አንድ ስም ያለው ስልክ ለተለያየ ገበያ በተለያየ የሞዴል ቁጥር ይመረታል፤ ውስጡ ያለው የኔትወርክ ክፍልም ሊለያይ ይችላል። ሴቲንግ ውስጥ «ስለ ስልኩ» የሚለውን ከፍታችሁ የሞዴል ቁጥሩን ገልብጡ። ከዚያ *#06# ምቱ፤ ባለ 15 አሃዝ የአይኤምኢአይ ቁጥር ይመጣል። ስልኩ ሁለት ሲም የሚይዝ ከሆነ ሁለት ቁጥር ታያላችሁ፣ ሁለቱንም ጻፉ። የቴሌኮም ድርጅቱ በዚህ ቁጥር ስልካችሁ በእነሱ ኔትወርክ ላይ ቮልቲኢ የተፈቀደለት መሆኑን ሊያይላችሁ ይችላል።

ይህን ቁጥር ፎቶ አንስታችሁ በየቦታው አትለጥፉ። የስልኩ መታወቂያ ነው፤ ለድርጅቱ ብቻ ስጡ።

ደረጃ 4፦ ባንዱን አመሳክሩ

4ጂ የሚሠራው በአንድ ሞገድ ብቻ አይደለም፤ እያንዳንዱ የሞገድ ክልል ባንድ ይባላል፣ የራሱም ቁጥር አለው። ባንድ 3 በ1800 ሜጋኸርዝ፣ ባንድ 7 በ2600፣ ባንድ 8 በ900፣ ባንድ 20 በ800፣ ባንድ 28 በ700 ላይ ናቸው። ድርጅቱ የሚጠቀምባቸውን ባንዶች ጠይቁና ከስልኩ ዝርዝር መግለጫ ጋር አነጻጽሩ።

ዝቅ ያሉት ሞገዶች ርቀው ይሄዳሉ፣ ግድግዳም የተሻለ ያልፋሉ። ስልካችሁ ከፍተኛዎቹን ባንዶች ብቻ የሚይዝ ከሆነ መንገድ ላይ አንቴናው ሙሉ ሆኖ ቤት ውስጥ ሊጠፋባችሁ ይችላል። እስካሁን ይህን ጉድለት ሸፍኖላችሁ የቆየው 2ጂ ወይም 3ጂ ሊሆን ይችላል፤ ችግሩ የሚገለጠው እሱ ሲነሣ ነው። ሌላም ነገር አለ፦ አሮጌው ኔትወርክ የሚዘጋው በአብዛኛው ሞገዱን ለ4ጂና ለ5ጂ ለማዋል ነው። ስለዚህ ስልካችሁ ያንን ሞገድ በ4ጂ የሚያነብ ከሆነ ከመዝጋቱ በኋላ ኔትወርኩ ሊሻላችሁ ይችላል፤ የማያነብ ከሆነ የምታተርፉት ነገር የለም።

ደረጃ 5፦ ሲሙን አረጋግጡ

ዕድሜ ጠገብ ሲም ካላችሁ ስልኩ አዲስ ቢሆንም 4ጂ ላይገባ ይችላል። ለ2ጂ ብቻ የተሠራ ሲም በ4ጂ ኔትወርክ ላይ ማንነቱን ማስመስከር አይችልም። ትልቁን ሲም አስቆርጣችሁ ወደ ትንሽ ቀዳዳ ያስገባችሁ ከሆነ ደግሞ የተቀየረው የፕላስቲኩ መጠን ብቻ ነው፣ ቺፑ ያው ነው።

ድርጅቱ ጋ ሄዳችሁ «ሲሜ ለ4ጂና ለቮልቲኢ ይሆናል?» በሉ። ካልሆነ በዚያው ቁጥር አዲስ ሲም ያወጡላችኋል። ከመቀየራችሁ በፊት ሲሙ ላይ የተቀመጡ ስም ዝርዝሮችን ወደ ስልኩ ገልብጡ፤ አዲሱ ሲም ባዶ ሆኖ ነው የሚመጣው።

ማስጠንቀቂያ፦ ይህ ጊዜ ለአጭበርባሪዎች የተመቸ ነው። «ኔትወርኩ ሊዘጋ ስለሆነ ሲምዎን እናድስልዎ፣ በመልእክት የመጣልዎትን ኮድ ይንገሩን» የሚል ጥሪ ከመጣ ዝጉት። በዚያ ኮድ ቁጥራችሁን ወደ ራሳቸው ሲም አዙረው የባንክ ሂሳባችሁ ውስጥ ሊገቡ ይችላሉ። የሲም ለውጥ እናንተ ራሳችሁ ሄዳችሁ ወይም ደውላችሁ የምታስጀምሩት ይሁን።

ደረጃ 6፦ አፕዴት አድርጉ፣ ቮልቲኢን አብሩ

መጀመሪያ ሶፍትዌሩን በዋይፋይ አፕዴት አድርጉ። ስልኩ ቮልቲኢ የሚችል ሆኖ ለእናንተ ኦፕሬተር የሚሆነው ቅንብር የሚመጣው በአፕዴት ሊሆን ይችላል። ከዚያ አንድሮይድ ላይ ሴቲንግ ውስጥ ሞባይል ኔትወርክ የሚለውን ክፈቱና «ቮልቲኢ» ወይም «4ጂ ኮሊንግ» የሚል ማብሪያ ፈልጉ። አይፎን ላይ ሴሉላር፣ ቀጥሎ ሴሉላር ዳታ ኦፕሽንስ፣ ቀጥሎ ቮይስ ኤንድ ዳታ የሚለው ውስጥ ታገኙታላችሁ። አንዳንድ ስልክ ላይ ማብሪያው የለም፤ ራሱ በርቶ ይመጣል። ስለዚህ ማብሪያውን አለማግኘታችሁ ብቻውን ቮልቲኢ የለም ማለት አይደለም፤ ቀጣዩ ፈተና ይለየዋል።

አይፎን 5ኤስ ለዚህ ጥሩ ማሳያ ነው፦ 4ጂ አለው፣ ቮልቲኢ ግን የለውም። ቮልቲኢ በአይፎን የጀመረው ከአይፎን 6 ነው።

ሁለት ሲም የምትጠቀሙ ከሆነ ሁለተኛውን ቀዳዳ ለብቻው ፈትሹ። በቆዩ ባለ ሁለት ሲም ስልኮች አንደኛው ቀዳዳ 4ጂ ሆኖ ሌላኛው 2ጂ ወይም 3ጂ ብቻ የሆነበት ጊዜ ብዙ ነው። የባንክ መልእክት የሚመጣበት ሲም በዚያ ቀዳዳ ውስጥ ከሆነ ቦታ አለዋውጧቸው።

ደረጃ 7፦ የጥሪ ፈተና

ዋናው ይህ ነው፤ ሌላውን ሁሉ ብትዘሉ እንኳ ይህን አትዝለሉ።

ሀ. የ4ጂ አንቴና በደንብ የሚሞላበት ቦታ ቁሙ። ሲግናል ደካማ በሆነበት ብትፈትኑ ስልኩ የወረደው ቮልቲኢ ስለሌለው ይሁን ወይም 4ጂ ስላጠረው መለየት አትችሉም።

ለ. ዋይፋይን አጥፉ። ስልኩ በዋይፋይ የሚደውል ከሆነ ጥሪው በታወሩ በኩል ሳያልፍ የተሳካ ይመስላችኋል።

ሐ. ዳታ አብሩና 4ጂ የሚለው ምልክት እስኪታይ ጠብቁ።

መ. ሁለተኛው ስልክ ላይ ደውሉ፤ ስልኩን ጆሮአችሁ ላይ ሳታደርጉ ስፒከር ላይ አድርጋችሁ ከላይ ያለውን ምልክት ተመልከቱ። ቮልቲኢ የሌለው ስልክ ላይ የምታዩት እንዲህ ነው፦ የመደወያውን ቁልፍ ስትጫኑ ለጥቂት ሰኮንድ ዝም ይላል፣ 4ጂ የሚለው ምልክት ጠፍቶ በቦታው 3ጂ፣ ወይም የ3ጂ ምልክት የሆነው ኤች የሚለው የእንግሊዝኛ ፊደል፣ አለዚያም የ2ጂ ምልክት የሆነው ኢ ይመጣል፤ ከዚያ ነው መጥራት የሚጀምረው። ስትዘጉት ምልክቱ ትንሽ ቆይቶ ወደ 4ጂ ይመለሳል። ቮልቲኢ ያለው ስልክ ላይ ምልክቱ ከ4ጂ አይነቃነቅም፣ ጥሪውም ወዲያው ይገባል፤ በዚያኛው በኩል ያለውም ቮልቲኢ ካለው ድምፁ ጥርት ብሎ ይሰማል።

ሠ. አሁን ሁለተኛው ስልክ ይደውልላችሁ። የሚገባም የሚወጣም መፈተሽ አለበት።

ረ. ቤት ውስጥ፣ መኝታ ክፍላችሁና ብዙ ሰዓት የምታሳልፉበት ቦታ ሆናችሁ ድገሙት። እዚያ ብቻ ከወረደ ቮልቲኢው ደህና ነው፤ ችግሩ የ4ጂ ሽፋን ወይም በደረጃ 4 ያያችሁት የባንድ ጉድለት ነው። ያን ለድርጅቱ አሳውቁ፤ ዋይፋይ ኮሊንግ (በዋይፋይ መደወያ) ካላችሁም አብሩት።

ሰ. ስልካችሁ ኔትወርክ ለመምረጥ «4ጂ ብቻ» የሚል ምርጫ ካለው ለማረጋገጫ ያንን መርጣችሁ እንደገና ደውሉ። ጥሪው ከገባ የጥሪ ፈተናውን ጨርሳችኋል። እምቢ ካለ አሮጌው ኔትወርክ በተዘጋ ማግስት የሚያጋጥማችሁን አሁን አያችሁት።

ማስጠንቀቂያ፦ «4ጂ ብቻ» የሚለውን ፈተናው እንዳለቀ ወደ አውቶማቲክ መልሱት። ቮልቲኢ በሌለው ስልክ ላይ እንደዚያው ከተዋችሁት ደዋይ አያገኛችሁም፤ እናንተም አታውቁም።

ደረጃ 8፦ አጭር መልእክትና ኮከብ–መሰላል አገልግሎት

ከሁለተኛው ስልክ አጭር መልእክት ተላላኩ። ከዚያ በ* ጀምሮ በ# የሚያልቅ የምትጠቀሙበትን ቁጥር (ሂሳብ ማያ፣ ገንዘብ ማስተላለፊያ) ሞክሩ። ይህኛው አገልግሎት ከመነሻው የተሠራው ለ2ጂና ለ3ጂ መስመር ስለሆነ ጥሪያቸው በ4ጂ በሚያልፍ ስልኮች ላይ ሳይቀር ለዚህ ሲባል ምልክቱ ሲወርድ ልታዩ ትችላላችሁ። ከወረደ ድርጅቱን ከመዝጋቱ በኋላ በምን እንደሚተካው ጠይቁ፤ ገንዘባችሁን በዚህ የምታንቀሳቅሱ ከሆነ ሌላ መግቢያ፣ ለምሳሌ የባንኩን መተግበሪያ፣ አስቀድማችሁ ክፈቱ።

የማረጋገጫ ኮድ በአጭር መልእክት የሚልኩላችሁን ባንኮች፣ ኢሜይሎችና ሌሎች አካውንቶችም በዝርዝራችሁ ላይ ጻፉ። ቁጥሩ ለአንድ ቀን እንኳ ቢቋረጥ ከነዚህ ሁሉ ውጭ ትቀራላችሁ።

ደረጃ 9፦ የድንገተኛ ጥሪ

ይህን በመደወል አትፈትኑ። የፖሊስና የአምቡላንስ መስመር የሚያስፈልገው ሌላ ሰው አለ።

ነገር ግን ሳታጣሩ አትለፉት። አንዳንድ ስልኮች ተራውን ጥሪ በቮልቲኢ እየደወሉ የድንገተኛውን ግን በ3ጂ እንዲያልፍ ሆነው ተሠርተዋል። ደረጃ 7ን በሚገባ አልፎ አምቡላንስ ስትጠሩ ብቻ የሚከዳ ስልክ አለ ማለት ነው። አውስትራሊያ ውስጥ 3ጂ ሲዘጋ ይህ ስላሳሰበ ኦፕሬተሮቹ እንዲህ ያሉ ስልኮችን ከኔትወርካቸው እንዲያግዱ ተደርጓል፤ ተራው ጥሪያቸው እየሠራ ማለት ነው። ስለዚህ የሞዴል ቁጥራችሁን ይዛችሁ ድርጅቱን በቀጥታ ጠይቁ፦ «ይህ ስልክ የድንገተኛ ጥሪን በ4ጂ ያደርጋል?» መልሱ «አያደርግም» ከሆነ ስልኩን ቀይሩ። እዚህ ላይ የሚያደራድር ነገር የለም፤ በተለይ ስልኩ ብቻቸውን የሚኖሩ አረጋዊ ወይም የታመመ ሰው እጅ ላይ ካለ።

ደረጃ 10፦ መቀየር ግድ ከሆነ

ውድ ስልክ አያስፈልግም። ባለ ቁልፍ ስልክ ለለመዱ ሰዎች ቮልቲኢ ያላቸው ባለ ቁልፍ ስልኮች ይሸጣሉ፤ እናትና አባታችሁን ስማርትፎን ካልተማራችሁ ብላችሁ አታስጨንቋቸው። ስትገዙ ካርቶኑ ላይ 4ጂ የሚል ጽሑፍ በማየት አትርኩ፤ ሲማችሁን አስገብታችሁ እዚያው ሱቁ ውስጥ ደረጃ 7ን አድርጉ። ከሌላ አገር የመጣ ስልክ ከሆነ በእጥፍ ተጠንቀቁ፦ በመጣበት አገር ቮልቲኢው ሲሠራ የቆየ ስልክ የእናንተ ኦፕሬተር ካልፈቀደለት ወይም ቅንብሩ ከሌለው ላይሠራ ይችላል።

አሮጌው ኔትወርክ ሳይጠፋ ሁለቱን ስልኮች ጎን ለጎን አስቀምጣችሁ አሸጋግሩ፤ ኮድ በአጭር መልእክት እየተቀበላችሁ አካውንቶቻችሁን ወደ አዲሱ ማስገባት የሚቀለው አሮጌው ስልክ ሲሠራ ነውና።

ብዙ ሰው የሚሳሳትባቸው

- «በቴሌግራም እደውላለሁ፣ ይበቃኛል» ማለት። በመተግበሪያ ወደ ድንገተኛ መስመር አይደወልም፤ ኢንተርኔት የሌለው ሰውም አያገኛችሁም።
- ቮልቲኢ ለማብራት ኢንተርኔት ላይ የተገኘ ሚስጥራዊ ኮድ መምታት። ማብሪያውን ሊያመጣው ይችላል፤ ኦፕሬተሩ ያልፈተነው ስልክ ግን ተራውን ጥሪ እየሠራ የድንገተኛውን ሊጥል ይችላል።
- 5ጂ ስልክ ስለሆነ አይመለከተኝም ማለት። 5ጂ ስልክም ቢሆን ድምፁን በአብዛኛው የሚልከው በቮልቲኢ ነው፤ ካልበራ ያው ወደ 3ጂ ይወርዳል።
- የራስን ስልክ ፈትሾ የቤተሰቡን መርሳት። በብዛት የሚቋረጡት የአያቶች ስልኮች ናቸው።

በተዘጋበት ቀን ስልኩ «አገልግሎት የለም» ካለ

ኤርፕሌን ሞድን አብርታችሁ አጥፉ። ካልተመለሰ ስልኩን አጥፍታችሁ አብሩ፤ ስልኩ የቀረውን ኔትወርክ እንደ አዲስ እንዲፈልግ ያደርገዋል። ቀጥሎ ሞባይል ኔትወርክ ውስጥ ገብታችሁ ምርጫው «3ጂ ብቻ» ወይም «2ጂ ብቻ» ላይ አለመሆኑን እዩ። ባትሪ ለመቆጠብ ብለው ከዓመታት በፊት እዚያ ላይ አድርገው የረሱ ብዙ ናቸው፤ ስልኩ ደህና ሆኖ ሳለ የሌለ ኔትወርክ ሲፈልግ ይውላል። ኦፕሬተሩ በእጅ የተመረጠ ከሆነም ወደ አውቶማቲክ መልሱት። ይህም ካልረዳ ሲሙን አውጥታችሁ ቮልቲኢው በተረጋገጠ ሌላ ስልክ ውስጥ አስገቡ፦ እዚያ ከሠራ ችግሩ ስልካችሁ ነው፣ እዚያም ካልሠራ ሲሙን ይዛችሁ ድርጅቱ ጋ ሂዱ።